ኮቺ ልትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ቢጫ ካርዳችሁን አንብቡ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን የጓደኛዬ ሠርግ ስለማያመልጠኝ ነው።

ጓደኛዬ የኬረላ ልጅ ናት፣ ከደቡብ ሕንድ። ዱባይ አምስት ዓመት አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል። እሷም ኦርቶዶክስ፣ እኔም ኦርቶዶክስ። ሠርጓ ኮቺ ከተማ አጠገብ ቅዳሜ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። በእኛ ጥር 11፣ የጥምቀት ዕለት። ጥምቀትን ከቤተሰቤ ተለይቼ ላሳልፍ የቆረጥኩት ለእሷ ብዬ ነው።

ቪዛው ብዙ አላስቸገረኝም። ትኬቱን እስከ ሙምባይ አንድ፣ ከሙምባይ ኮቺ ሌላ አድርጌ ቆረጥኩ። ለየብቻ ሲሆን ይረክሳል። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፣ ለሙሽራዋ የሐበሻ ቀሚስ አሰፋሁ።

ቀረ የቢጫ ወባ ክትባት። ከኢትዮጵያ ተነስቶ ሕንድ የሚገባ ሰው የክትባቱ ማስረጃ የሆነው ቢጫ ካርድ ከሌለው አያልፍም። ክትባቱ መወሰድ ያለበት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ነው። እኔ በታኅሣሥ 16 ተከተብኩ፣ የምበረው ጥር 7። ከበቂ በላይ ጊዜ ነበረኝ። ነርሷ ስሜንና የፓስፖርት ቁጥሬን ጻፈች፣ ማኅተሙን መታች፣ ካርዱን ሰጠችኝ። የቀን ቦታው ላይ 16/4/2016 ይላል።

አይቼዋለሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ታክሲ ውስጥ ካርዱን ገልጬ ቀኑን አንብቤ ዘጋሁት። ለእኔ ዓይን ትክክል ነበር። ታኅሣሥ 16፣ ዓመቱ 2016። ሕይወቴን ሙሉ ቀን የምቆጥረው እንደዚያ ነው። የሚያነበው ሰው ግን እኔ አይደለሁም ብዬ አላሰብኩም።

አዲስ አበባ ቼክ ኢን ላይ ያለችው ሠራተኛ የካርዱን ቢጫ ሽፋን አየችና መለሰችልኝ። አልገለጠችውም።

ሙምባይ ላይ ከኢሚግሬሽኑ በፊት የጤና ቁጥጥር አለ። እዚያ የተቀመጠው ሰው ግን ገለጠው። ፓስፖርቴን ጎኑ አስቀመጠ፣ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከዚያ ጣቱን ቀኑ ላይ አድርጎ ጠየቀኝ። ክትባቱ የተሰጠው ኤፕሪል 16 ቀን 2016 ነው። ፓስፖርቱ የወጣው በ2021። ታዲያ በ2016 ያልነበረ ፓስፖርት ቁጥሩ እንዴት እዚህ ካርድ ላይ ተጻፈ?

እውነቱን ነው። በእሱ ዓይን ካርዱ ፎርጅድ ነበር።

አስረዳሁ። የራሳችን የዘመን አቆጣጠር አለን፣ 13 ወር አለን፣ እኛ ጋ ዘንድሮ 2016 ነው አልኩ። ስልኬ ላይ ካላንደሩን ከፍቼ አሳየሁ። ባልደረባውን ጠራ፣ ባልደረባውም አለቃውን። ሦስቱም ካርዱን እያገላበጡ አዩት። አለቃው በትህትና የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካርዱ ዓለም አቀፍ ሰነድ ነው፣ መነበብ ያለበትም በዓለም አቀፉ ቀን ነው። ሊሰማኝ አልፈለገም። እኔን ያናደደኝ ይኼ ነው። ከአዲስ አበባ በየጊዜው ስንትና ስንት ሰው በሚያልፍበት በር ላይ የኢትዮጵያን ካላንደር የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ እንዴት ይጠፋል?

በሕጉ ግን አልከራከርም። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ሕንድ ውስጥ ሞልታለች፤ በሽታው ግን እዚያ ተዛምቶ አያውቅም። አንድ ሰው ይዞት ቢገባ ምን እንደሚከተል ማሰብ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ካርድ የሌለውን ሰው ከተነሳበት አገር ከወጣ ስድስት ቀን እስኪሞላው ለይተው ያቆዩታል።

የተኛሁበት ክፍል አራት አልጋ ነበረው፣ ሰው ግን እኔ ብቻ። መስኮቱ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ ተሸፍኗል። ጠዋትና ማታ ሙቀቴን ይለካሉ። ምግቡ ደህና ነበር፣ ነርሶቹም ጥሩ ሰዎች ናቸው። የኮቺው በረራ የዚያኑ ዕለት አለፈ። ትኬቱ ለብቻው የተቆረጠ ስለነበር ገንዘቤ ተበላ።

እህቴ አዲስ አበባ ክትባቱን ወደወሰድኩበት ቦታ በማግስቱ ሮጠች። ደብዳቤ ጻፉላት፣ ቀኑንም በፈረንጅ አስተካክለው ማኅተም አደረጉበት። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ፎቶ አንቀበልም፣ በይፋ ከመሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ይምጣ አሉ። እሱ ሲባል ዓርብ ከተራ ሆነ፣ ቅዳሜ ጥምቀት፣ እሑድ ቃና ዘገሊላ። ስልክ የሚያነሳ ጠፋ።

ቅዳሜ ጠዋት ሠርጉን በቪዲዮ አየሁት። የያዘው የአጎቷ ልጅ ነበር፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ሙሽራው ከኋላዋ ቆሞ ሚኑ የሚሉትን የሠርግ ወርቅ አንገቷ ላይ ሲያስርላት ምስሉ ቆመ። ሲመለስ ሕዝቡ እየዘመረ ነበር። የሐበሻ ቀሚሱ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ሰኞ ማታ ለቀቁኝ። ማክሰኞ ኮቺ ገባሁ።

አሁን የምመክረውን ልንገራችሁ። ሕጉ 10 ቀን ይላል፤ እኔ ግን አንድ ወር ቀድማችሁ ተከተቡ እላለሁ፣ ካርዱ ስህተት ቢኖረው ለማስቀየር ጊዜ እንዲኖራችሁ። ቀኑ በፈረንጅ ይሁን። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ፤ የዓለም አቀፉ ደንብም የሚለው እንደዚያ ነው። የእኔ ካርድ ወሩ በፊደል ቢጻፍበት ስህተቱ እዚያው ይታይ ነበር። ስህተት ካገኛችሁ በላዩ ላይ አታስደልዙ፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ካርድ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። አዲስ ካርድ ጠይቁ። ቢቆጡም ጠይቁ። ትኬቱንም እስከ መጨረሻው ከተማ በአንድ ላይ ቁረጡ፣ ልዩነቱን ክፈሉት።

የቀሩኝ አራት ቀናት ለኮቺ በቂ አልነበሩም። ከኤርናኩላም፣ ከዋናው የከተማው ክፍል፣ ወደ አሮጌው ሰፈር ፎርት ኮቺ የሚሻገረው የሕዝብ ጀልባ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ከታክሲም ይሻላል። ባሕሩ ዳር የቻይና መረብ የሚሏቸው ትልልቅ መረቦች አሉ። ብዙ ወንዶች ተባብረው ገመድ ይስባሉ፣ ገመዱ ላይ የተንጠለጠሉት ድንጋዮች ሚዛን ይጠብቃሉ፣ መረቡ ከውሃው ቀስ ብሎ ይነሳል። እዚያው አጠገብ የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በፈረንጅ 1524 ኮቺ ሲሞት የተቀበረው እዚያ ነው፤ አጽሙ በኋላ ወደ ፖርቱጋል ተወስዷል። እኛ አገር መጥቶ ከኢማም አህመድ ጦር ጋር ሲዋጋ ተማርኮ በ1542 የተገደለው ክርስቶፎር ዳ ጋማ የእሱ ልጅ ነው። ወለሉ ላይ ያለውን የመቃብር ድንጋይ ቆሜ ሳይ ይኼ ትዝ አለኝ። ማታንቼሪ ሰፈር ያለውን በ1568 የተሠራ የአይሁድ ምኩራብ ማየት ከፈለጋችሁ ዓርብና ቅዳሜ አትሂዱ።

አላፑዣ የምትባለው ከተማ ላይ ቤት የሚመስሉትን ጀልባዎች ተከራዩ ይሏችኋል። ውድ ናቸው። እኔ ከአላፑዣ ኮታያም ወደምትባለው ከተማ በመንግሥት ጀልባ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ተማሪው፣ ዓሣ ሻጯ፣ ሁሉም ከእናንተ ጋር ይቀመጣል። በሁለቱም ወገን የሩዝ ማሳና የኮኮናት ዛፍ ነው።

ጓደኛዬ ቤት የደረስኩት ግን በጾም ነው። ጾመ ነነዌ። የእነሱ ፋሲካ የሚውለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ ነነዌያቸውም ከእኛ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ገባ። አማቷ አፓም ጋገሩልኝ። ከሩዝ ሊጥ የተቦካ፣ መሐሉ ለስላሳ፣ ዳሩ ስስ ነው፤ በሽምብራ ወጥ በእጅ ይበላል። ቤተ ክርስቲያናቸው ስንገባ ጫማ አወለቅን፣ ነጠላዬን ተከናነብኩ፣ ሴቶቹ ወደቆሙበት ሄድኩ። ማንም ምንም ማሳየት አላስፈለገውም። ጃንሆይ በእኛ ጥር 1957 አዲስ አበባ ላይ በጠሩት የእህት አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የእነሱም ቤተ ክርስቲያን መሪ፣ ካቶሊኮሱ፣ ተገኝተው እንደነበር አማቷ ያውቃሉ።

ማታ ጓደኛዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች፣ የሐበሻ ቀሚሱን ለብሳ። አንገቷ ላይ ያሰረላትን ሚኑ አሳየችኝ። የቅጠል ቅርጽ ያላት ትንሽ ወርቅ ናት፣ በላይዋ በጥቃቅን የወርቅ ነጥቦች መስቀል ተሠርቶባታል። የታሰረችው ሙሽራው ከሰጣት ሳሪ ላይ በተመዘዙ ሰባት ክሮች ነው። በወርቅ ሰንሰለት የሚቀየረው ከሰባት ቀን በኋላ ነው አለችኝ። ያን ቀን አራተኛው ነበር። ክሩን በጣቴ ያዝኩት።