ከቆሽት ሕመም በኋላ የሚመጣ መድማት

በጎጃም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። በእኛ አገር ከላይኛው ሆድ የሚነሣ ማንኛውም ሕመም መጀመሪያ የሚሰጠው ስም ጨጓራ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን አጣዳፊ የቆሽት መቆጣት ታሞ የዳነ ሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ደም ሲያስታውክ ወይም ሰገራው ጠቁሮ የሚያጣብቅ ሲሆን፣ ጨጓራ ነው ብሎ ማለፍ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼም፣ በቤታቸው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ላላቸው ሰዎችም ነው።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን አምርቶ ወደ ትንሹ አንጀት የሚልክ አካል ነው። የሐሞት ጠጠር መውጫውን ሲዘጋ፣ ለዓመታት የተጠጣ አረቄ ሲጎዳው፣ በደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ እጅግ ሲበዛ፣ አንዳንዴም ወስፋት ከአንጀት ወደ ቱቦው ሲገባ፣ ኢንዛይሞቹ አንጀት ሳይደርሱ እዚያው ቆሽቱ ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ። አብዛኛው ሕመምተኛ በግሉኮስ፣ በማስታገሻና በቅርብ ክትትል በአንድ ሳምንት ገደማ ይሻለዋል። አደጋው የሚበረታው የቆሽቱ ሥጋ በሞተባቸው፣ ኢንፌክሽን በገባባቸው፣ ወይም በቆሽቱ ዙሪያ ፈሳሽ ተጠራቅሞ በቀረባቸው ሰዎች ላይ ነው። ይህ ፈሳሽ ከአራት ሳምንት በኋላ ግድግዳ ያበጅና ሱዶሲስት ወደሚባለው ከረጢት ይለወጣል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው፣ የቆሽት መቆጣት ዓይነቶችን የሚለየው የአትላንታ አመዳደብም ክምችቶቹን የሚለየው በዚሁ የአራት ሳምንት ወሰን ነው።

ለመድማቱ ምክንያት የሚሆነው የደም ቅዳዎቹ አቀማመጥ ነው። ወደ ጣፊያ የሚሄደው ትልቁ ደም ቅዳ የቆሽትን የላይኛ ጠርዝ ተከትሎ እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ ከጉበት ደም ቅዳ ተነሥቶ ወደ ጨጓራና ዱዎድነም ወደሚባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሚወርደው ሌላው ደግሞ የቆሽቱን ራስ ተጠግቶ ይሄዳል። ከቆሽቱ ያመለጡት ኢንዛይሞች፣ በተለይም ኢላስቴዝ የሚባለው፣ የደም ቅዳውን ግድግዳ የመለጠጥ ኃይል የሚሰጡትን ክሮች ይበላሉ። ግድግዳው ሲበሳ ደሙ ወጥቶ በአካባቢው ሕብረ ሕዋስ ታጥሮ ይቆማል፤ ሱዶአኑሪዝም የሚባለውም ይኸው በየልብ ምቱ ደም የሚገባበት እብጠት ነው። በብዛት የሚገኘው በጣፊያው ደም ቅዳ ላይ ነው። ሲፈነዳ ደሙ ወደ ሱዶሲስቱ፣ ወደ ሆድ ዕቃ ክፍተት፣ ወደ አንጀት፣ ወይም በቆሽቱ ቱቦ በኩል ወደ ዱዎድነም ሊፈስ ይችላል። በዚህ በመጨረሻው መንገድ ሲወጣ እየመጣ የሚጠፋ በመሆኑ ከሁሉ ይልቅ ያሳስታል፤ ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ የሚገባው የመመርመሪያ ካሜራ፣ በገባበት ሰዓት ምንም ላይታይ ይችላልና።

ከምሥራቅ ጎጃም ገጠር የመጡ አንድ አባት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሳይተውኛል። ሴት ልጃቸው በያዘችው ፌስታል ውስጥ የኦሜፕራዞል ባዶ ካርቶኖችና በተለያየ ጊዜ የተጻፉ የመድኃኒት ማዘዣዎች ነበሩ፤ ሁሉም የተጻፉት ለጨጓራ ነው። ከሥር ግን አራት ላይ የታጠፈ፣ ጠርዙ የወየበ የመውጫ ወረቀት ወጣ፤ ከወራት በፊት በሌላ ቦታ በቆሽት መቆጣት ተኝተው እንደነበርና በአልትራሳውንድ የፈሳሽ ክምችት እንደታየባቸው ይናገራል። «ልጄ፣ እሱ እኮ ድኖልኛል» አሉኝ፤ ስለ ቆሽታቸው ሳይጠየቁ ያልተናገሩትም ለዚህ ነበር። ከንፈራቸው ነጥቷል፣ የልብ ምታቸው ፈጥኗል፤ ኢንዶስኮፒው ቁስል አላገኘም። ደም እየተሰጣቸው ሲቲ ስካን ሲነሡ፣ በክምችቱ ውስጥ ከደም ቅዳው እኩል የሚያበራ ክብ ነገር ታየ፤ ሱዶአኑሪዝሙ ነበር።

ስለ ሲቲ ስካኑ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ማዘዣው ላይ «የሆድ ሲቲ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የተለመደው ምስል የሚነሣው ደም ሥሮችን በምስሉ ላይ የሚያጎላው ኮንትራስት የሚባል መድኃኒት ከተወጋ ከ70 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሲሆን፣ እኛ የምንፈልገው ግን ደም ቅዳዎቹ በኮንትራስት በሚሞሉበት በ30 ሰከንድ ገደማ የሚነሣውን ነው። ጥርጣሬው በማዘዣው ላይ ካልሰፈረ ምስሉ በተሳሳተ ሰዓት ይነሣና ትንሹ እብጠት ሊያመልጥ ይችላል። እንዲሁም ማንኛውንም የቆሽት ፈሳሽ በመርፌ ወይም በቱቦ ከማፍሰስ በፊት ውስጡ ደም የሚዞርበት እብጠት አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ ቢያንስ የደም ፍሰትን በሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዓይነት፣ በዶፕለር፣ መታየት ይኖርበታል። ቱቦ በተተከለለት ሕመምተኛ ላይም ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ የቆመ ደም ከትልቁ መድማት አስቀድሞ የሚመጣ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ቆሟል ብሎ እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም።

ሕክምናው ደም ሰጥቶ ከማረጋጋት ይጀምርና፣ አቅሙ ባለበት ሁሉ፣ የሚደማውን ደም ቅዳ በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ ወደ መዝጋት ይሄዳል። በብሽሽት በኩል ባለው ደም ቅዳ ቱቦው ይገባል፤ ስዊድናዊው ሴልዲንገር በ1953 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ቱቦው በኤክስሬይ እየተመራ እብጠቱ ድረስ ይደርሳል፣ ኮይል የሚባሉ ጥምዝምዝ የብረት ሽቦዎችም እዚያ ይለቀቃሉ። መዘጋት ያለበት ከእብጠቱ በፊት ያለው ብቻ ሳይሆን ከእብጠቱ በኋላ ያለውም ክፍል ነው፤ በተለይ በዱዎድነም አካባቢ ደሙ ከሌላ አቅጣጫ፣ ከአንጀቱ ደም ቅዳ በኩል ተመልሶ ይመጣል። በአንድ ወገን ብቻ የተዘጋ እብጠት እንደገና ይደማል። መዘጋት የማይገባው ደም ቅዳ ከሆነ ግን ሽፋን ያለው ስቴንት የሚባል ቱቦ ውስጡ አስገብቶ እብጠቱን ማለፍ ይቻላል።

ይህ አገልግሎት በየከተማው የለም። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመካከሉም የዓባይ በረሓ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ስለዚህ የሚላከው ሰው የደም ግፊቱ ተረጋግቶ፣ ትርፍ ደም ተይዞለት፣ ተቀባዩ ሆስፒታል በስልክ ተነግሮት መሄድ አለበት። እኒያ አባት የተረፉት ዘመዶቻቸው በዚያው ሌሊት ደም ስለሰጡና ሕክምናው ስላልዘገየ ነው። መንገድ የማይችል፣ ግፊቱ አልመለስ ያለ ሕመምተኛ ሲያጋጥም የሚቀረው ሆድ ከፍቶ ደም ቅዳውን ማሰር ነው፤ አንዳንዴም ጣፊያውን ከቆሽቱ ጭራ ጋር ማውጣት ያስፈልጋል። በተቆጣና በተጣበቀ ሕብረ ሕዋስ መካከል የሚሠራ በመሆኑ ከካቴተሩ እጅግ የከበደ ነው፤ ቢሆንም በጊዜው የተወሰነ ቀዶ ሕክምና ነፍስ ያድናል።

የሕመምተኛው ቤተሰብ የመውጫ ወረቀቱን እንዳይጥል፣ የትም ጤና ጣቢያ ሲሄድ አስቀድሞ እንዲያሳየው አደራ እላለሁ። ባልደረቦቼም ደም ያስታወከን ሰው «ከዚህ በፊት በቆሽት ተኝተህ ታውቃለህ?» ብለን እንጠይቅ። ደም ቅዳው ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ የግራ ጎን ሕመምና ትኩሳት የጣፊያው ከፊል ደም በማጣቱ ሊሆን ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል፤ ሲቲ ስካኑም መደገም አለበት። የሐሞት ጠጠር ካለ የሐሞት ከረጢቱ ይውጣ፣ አረቄ ከሆነም ጨርሶ ይቁም። ጣፊያው የወጣለት ሰው ደግሞ ኒሞኮከስ የሚባለው የሳንባ ምች ባክቴሪያና የማጅራት ገትር ክትባት ያስፈልገዋል፤ ትኩሳት በተሰማው ቀንም ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።