ምድጃ ስናዳርስ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ የተማርኩት

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደብረ ብርሃን ላይ ያመረትናቸው የመጀመሪያዎቹ «ምርጥ» የሚባሉት ምድጃዎች በማግሥቱ ማለዳ ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) ሲወጡ ጠርዛቸው እንደ ደረቀ ድፎ ተፈረፈረ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ብሎኬት ሳመርት ስለኖርኩ ሲሚንቶና ፑሚስ (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ያሳፍሩኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ማኅበር መሥርተን ለከተማችን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለማዳረስ ስንነሣ የፈራሁት ገዢ እንዳናጣ እንጂ ምርቱ እንዳይበላሽብን አልነበረም። ያበላሸው ግን ውርጩ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በምትገኝ ከተማ የኅዳር ሌሊት ሲመጣ በድብልቁ ውስጥ ያለው ውኃ ይረጋል፣ ሲረጋም ያብጣልና ገና ያልተያያዘውን ሁሉ ይለያየዋል። ብሎኬት ወፍራም ስለሆነና ውኃ ስለማይበዛበት ይህን ጉድለቴን ሸፍኖልኝ ኖሯል። የምድጃው ግድግዳ ግን ቀጭን ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ምርጥ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራ፣ ከሲሚንቶና ከፑሚስ የሚመረት ምድጃ ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት፤ አራቱ ሲገጣጠሙ ምጣዱ የሚያርፍበት ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ክፍል ይሆናሉ። ነበልባሉ እንደ ሦስት ጉልቻ በየአቅጣጫው ስለማይበተን፣ በጥንቃቄ በተደረጉ ሙከራዎች የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚቀንስ ታይቷል። ከሞልድ ከወጣ በኋላ ሰባት ቀን ያህል ውኃ እየጠጣ መቆየት አለበት። እኛም ከብዙ ኪሳራ በኋላ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ማምረት፣ ማታ ላስቲክ አልብሶ በላዩ ጭድ መከመር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ጨርሶ አለማምረት የሚል ልማድ ያዝን።

በደብረ ብርሃን ማገዶ ማለት በአብዛኛው ኩበት ነው። ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ቢኖርም እንጨቱ ለግንባታና ለሽያጭ ስለሚፈለግ፣ ደሃው ቤተሰብ ምጣዱን የሚያሰማው ከከብቱ በረት በወጣው፣ በእጅ ተጠፍጥፎ በግድግዳና በሜዳ ላይ በደረቀው ኩበት ነው። በከተማው ዳር ያለው ገበሬ ያንኑ እበት ወደ ማሳው ቢመልሰው ለገብሱ ማዳበሪያ ይሆነው ነበር። ስለዚህ በየቤቱ የሚቆጠብ አንድ ጆንያ ኩበት ጭስ መቀነስ ብቻ ሳይሆን መሬቱ መልሶ የሚያገኘው ምግብ ነው። ሥራውን እንድጀምር ያደረገኝም ይኸው ነበር፤ አባቴ እርሻው ዓመት በዓመት ሲከሳበት እያየሁ ነው ያደግሁት።

የመጀመሪያው ዙር ምድጃ በአንድ መሥሪያ ቤት ወጪ በነፃ ታደለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤት ለቤት ስንዞር አንዱን ምድጃ የውኃ ጀሪካን መቀመጫ ሆኖ፣ ሌላውን ዶሮ ታቅፋበት አገኘነው። በስብሰባ ላይ አንዲት እናት «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው አዳራሹን አሳቁት፤ እኔም ሳቅሁ፣ ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በኋላ በነፃ ማደልን ትተን በሴቶች ዕቁብ በኩል በየሳምንቱ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀመርን። ዕቁቡ የወጣላት እናት ምድጃውን የምትወስደው ከራሷ ገንዘብ ስለሆነ በሚገባ ትተክለዋለች፣ ቢሰነጠቅም ትጠራናለች። በዚያ መንገድ የሸጥነው በነፃ ከታደለው በቁጥር ቢያንስም ሥራ ላይ ውሎ የምናገኘው እሱን ነበር።

ቁጠባውን ለማሳየት ደግሞ ንግግር ትተን ተንጠልጣይ ሚዛን ይዘን ዞርን። አንድ ዓይነት ሊጥ በሁለት ቀን ከፍለን፣ አንዱን በሦስት ጉልቻ ሌላውን በምርጥ ምድጃ እያስጋገርን ኩበቱን ከመጋገሩ በፊትና በኋላ እንመዝናለን። ኩበቱ ደረቅ ሲሆንና ጋጋሪዋ ምድጃውን ስትለምደው ልዩነቱ ሚዛን ሳያስፈልገው በዓይን ይታይ ነበር። ነገር ግን ኩበት ከእንጨት ይልቅ አመዱ ብዙ ስለሆነ፣ በየመሐሉ ካልተጠረገ አመዱ አፉን ይደፍነዋል፤ አየር ያጣ ምድጃ ደግሞ ከጉልቻው የባሰ ይጨሳል። ይህን በሥልጠናችን ላይ አልነገርናቸውም፤ የሥልጠናውን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው በእንጨት የሚጋገርበት አገር ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። በበረሳ ወንዝ አቅራቢያ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ምድጃውን ገዝተው፣ በሚገባ ተክለው፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ከጋገሩበት በኋላ ወደ ሦስት ጉልቻቸው ተመለሱ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ምድጃህስ ደግ ነው። ግን ያንተ እሳት ምጣዱን እንጂ እኔን አያውቀኝም» አሉኝ። በአንዲት ክፍል ቤት ለሚኖር ሰው እሳት መጋገሪያ ብቻ አይደለም፤ ልጆች እግራቸውን የሚያሞቁበት፣ እርጥብ ልብስ የሚደርቅበት፣ መብራት ሲጠፋ ፊት ለፊት የሚያስተያይ ነው። እኔ «ባከነ» እያልኩ በሚዛን የቆጠርኩት ሙቀት እሳቸው የሚኖሩበት ሙቀት ነበር። ምድጃውን ቆላ ብንሸጠው ኖሮ ይህ ጥያቄ ላይነሣ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ከምድጃው ይልቅ ቤቶቹን እንደ ግንበኛ ማየት ጀመርኩ። በጭቃ የተመረጉት ግድግዳዎች ተሰነጣጥቀው በውስጣቸው ነፋስ ያፏጫል፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ዙሪያ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ ብዙዎቹ ኮርኒስ የላቸውም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚነድ ኩበት ሰማይን ነው የሚያሞቀው። ስለዚህ ከምድጃው ጋር ምርጊት ማደስን፣ ከአሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ የሚሰፋ ኮርኒስ መወጠርንና የበሩን ሥር በጨርቅ መድፈንን ጨመርን። ወጥ ቤቱና መኝታው አንድ በሆነበት ቤት ግን ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ እንዳይደፈን አጥብቀን እናስጠነቅቃለን፤ የከሰልና የኩበት ፍም በታፈነ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል፣ በብርድ አገር ያደገ ሁሉ እንዲህ ያለ ለቅሶ ደርሶ ያውቃል። አረጋዊቷ ቤታቸው ከተመረገ በኋላ ወደ ምድጃው ተመልሰዋል፤ ቡና ሲያፈሉ ግን እስከ ዛሬ ጉልቻውን ይጠቀማሉ፣ እኔም አልከራከራቸውም።

«ለምን በኤሌክትሪክ ምጣድ አይጋግሩም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በሠፈሩ ብዙ ቤት ማታ በአንድ ጊዜ ሲጋግር አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል። እኛ ያገኘነው ዋናው እንቅፋት ግን ሽቦው ሳይሆን ኪራዩ ነው። በአንድ ግቢ ያሉ ተከራዮች አንድ ቆጣሪ ይጋራሉ፣ ታሪፉ ፍጆታው ሲጨምር በየደረጃው ስለሚወደድ ምጣድ የጨመረ ተከራይ የሁሉንም ሒሳብ ከፍ ያደርጋል። አከራዩም ገና ከመግባትሽ «ምጣድ አይቻልም» ይልሻል። በአንዳንድ ግቢ ለምጣዱ ብቻ ንዑስ ቆጣሪ አስገብተን፣ መጋገሪያውን በቀን እንዲሆን ተራ አውጥተን ጠቡን አብርደናል፤ ብዙዎቹ ጋ ግን አከራዮቹን ማሳመን አልቻልንም።

ባዮጋዝንም፣ ማለትም እበት አየር በማይገባው ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣውን ጋዝ፣ በከተማው ዳር የወተት ላም ካላቸው ቤተሰቦች ጋር ሞክረናል። እበቱን ከእኩል ውኃ ጋር አዋሕዶ ወደ ጉድጓዱ ማስገባት ቀላል ነው፤ ጋዙ ወጥና ቡና ያበስላል፣ የሚወጣው ዝቃጭም ለማሳ ምርጥ ማዳበሪያ ነው። ሆኖም ተራው የጋዝ ምድጃ ሰፊውን ምጣድ እኩል አያሰማም፣ ብርዱ ሲጠናም እበቱን የሚያብላሉት ተዋሕስያን ስለሚደነዝዙ ጋዙ የሚመነምነው በጣም በሚፈለግበት ወር ነው። የዝቃጩን ጥቅም ያየ ገበሬ ግን ጋዙ ቢያንስበትም ጉድጓዱን አልተወም።

ባለፈው ኅዳር ሞልዶቻችን ዘይት ተቀብተው መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ከረሙ። እኛ ግን ሥራ አልፈታንም፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ከሣሩ ላይ ሲለቅ ጭቃ ከጭድ ጋር እያቦካን፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እንዲደርቅ እየተጣደፍን የሰው ቤት ስንመርግ ነበር።