ሳልጠራው መልሶልኛል

ጌታ ይመስገን! ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት እሱ ያውቃል። አሁንም እንባዬ እየቀደመኝ ነው። ግን እኔ ዝም ብል ድንጋዮች ይጮኻሉ። ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

የምንኖረው ጅማ፣ ቆጪ ነው። ልጄ ሲወለድ ምንም አልነበረበትም። አራስ ቤት እያለሁ ኃይለኛ ትኩሳት ያዘው። ሆስፒታል ተኝቶ በመርፌ ታከመና ተሻለው። ዳነልን ብለን አመሰገንን። ከዚያ ጭንቅላቱ ማደግ ጀመረ። መጀመሪያ ኮፍያው ጠበበው። የመጣው ጠያቂ ሁሉ "ይሄስ ብልህ ነው የሚሆነው" ይላል። ለክትባት የወሰድኩት ቀን ግን ሲስተሯ ሜትር አወጣች። በግንባሩ ዙሪያ ለካችው። ካርዱን አየች። እንደገና ለካችው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። "እናት፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው" አለችኝ። ይህቺን እህቴን ጌታ በልጆቿ ይባርካት። ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ክትባቱን ሰጥታ ብትሸኘን ማንም አይጠይቃትም ነበር።

ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል ተባልን። ይህ ውሃ የሁላችንም አእምሮ ውስጥ አለ። ሁልጊዜ ይመነጫል፣ ይዘዋወራል፣ ይወጣል። የልጄን መውጫ የዘጋው ያ የአራስነቱ ኢንፌክሽን ሳይሆን አይቀርም አሉን። መውጫው ሲዘጋ መመንጨቱ አይቆምም። የሕፃን አጥንት ገና ስላልገጠመ ጭንቅላቱ እየሰፋ ይሄዳል፣ አእምሮው እየተጫነ ይሄዳል። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። ሪፈር ተጻፈልን፣ አዲስ አበባ ሄደን ተራ ያዝን፣ ጅማ ተመልሰን ጠበቅን። ክረምት ገባ።

እውነቱን ልናገር። በዚያ ሰሞን ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቼ ነበር። እሑድ እሑድ ጉባኤው ሲዘምር እኔ አፌን ዘግቼ እቆማለሁ። መጽሐፍ ቅዱሴን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ አላወጣሁትም። "ካልፈለግክ ለምን ሰጠኸኝ?" አልኩት፤ ጮክ ብዬ፣ ማድ ቤት ቆሜ። አንዳንዱ ዓይን ነው ይላል። አንዳንዱ በቤታችሁ ያለ ኃጢአት ይመርመር ይላል። ይሄኛው ነው አጥንቴን የሰበረው። ጌታ ራሱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠይቁት እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ መልሶላቸው የለም እንዴ? ይህንን እያወቅሁ እንኳ ልቤ አልሞቀም። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" የሚለውን ዳዊት ስለ እኔ የጻፈው መሰለኝ።

አሁን ያቺን ሌሊት ልንገራችሁ።

ሐምሌ ነው። ባለቤቴ ለሥራ ቦንጋ ሄዷል። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ጀምሮ አላባራም። መብራት ጠፍቷል። ማሙሽ ጡት አልይዝም አለ። ከዚያ አስመለሰው፤ እየተፈናጠረ ነው የሚወጣው። አጠብኩት፣ ቀየርኩለት፣ እንደገና አስመለሰው። ለቅሶው ተለወጠ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ለቅሶ ሆነ። በስልኬ መብራት ፊቱን አየሁት። ብሌኖቹ ወደ ታች ወርደዋል፤ ከላይ ነጩ ብቻ ይታያል። እርግብግቢቱን ነካሁት። ተወጥሯል፣ ደርቋል። ሌላ ጊዜ ከጣቴ ሥር ይመታ ነበር። አሁን አይመታም።

ከዚያ ለቅሶው ቆመ። እኔን የገደለኝ ይሄ ነው። ስሙን ጠራሁት። ውስጥ እግሩን ቆነጠጥኩት። ዓይኑን አልገለጠም።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ጎረቤታችን እማማ ፎጣቸውን ደርበው፣ በባዶ እግራቸው፣ በጭቃው መጡ። ሙስሊም ናቸው፤ ስንት ዓመት አብረን ቡና ጠጥተናል። ልጁን ከእጄ ተቀበሉኝ። "ተነሺ ልጄ፣ ጫማሽን አድርጊ። አላህ አለ" አሉኝ። ልጃቸው ደውሎ ባጃጅ አስመጣ። እማማ ከጎኔ ተቀምጠው በቀስታ ዱዓ ያደርጋሉ። እኔ ጸሎት ጠፋኝ። የስንት ዓመት አማኝ ነኝ፣ ከአፌ የሚወጣው "ኢየሱስ፣ ኢየሱስ" ብቻ ነው። የባጃጁ ላስቲክ በነፋስ እየተገለበጠ ዝናቡ ይገባል። በነጠላዬ ልጄን ሸፈንኩት። ትንፋሹን በጉንጬ እያዳመጥኩ ነው። አንዳንዴ ይዘገያል። በዘገየ ቁጥር እኔም አብሬ አልተነፍስም። በዚህ መሐል ሳላስበው ከሕፃንነቴ የማውቀው ቃል መጣ፤ "እነሆ፥ እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋምም።" ልጄ አይነቃም፣ ጠባቂው አይተኛም። ያን ቃል እንደ ገመድ ይዤው ሆስፒታል ደረስኩ። ሾፌሩ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ልጅ እግር ነው፣ ገና ጢሙ አልበቀለም። ያለበት ቦታ ጌታ ያስበው።

ድንገተኛ ክፍል ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው። እርግብግቢቱን ዳሰሰ፣ ዓይኑን በባትሪ አየ፣ ወዲያው ጓንት አጠለቀ። "እዚህ ጋ በመርፌ ውሃ መቅዳት አለብን። አሁኑኑ" አለ። እኔን ውጪ አላለኝም። "እግሮቹን ያዢልኝ" አለኝ። መርፌው ሲገባ አየሁ። እናት ይህን ማየት የለባትም፤ እኔ ግን ዓይኔን መጨፈን ልጄን መልቀቅ መሰለኝ። ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። ጥርት ያለ ነው። እግሮቹን እንደያዝኩ እጠብቃለሁ። ነርሷ ትከሻዬን ይዛለች። እርግብግቢቱ ቀስ እያለ ረገበ። አንድ እግሩ በእጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አለቀሰ። የራሱን ለቅሶ፣ የማውቀውን ለቅሶ! ወለሉ ላይ በጉልበቴ ወደቅሁ። ለወራት የዘጋሁት አፌ ያኔ ተከፈተ።

ሐኪሙ አልሸነገለኝም። "ይሄ ለዛሬ ነው፣ ውሃው ተመልሶ ይሞላል" አለኝ። እስኪነጋ ድረስ በራሱ ስልክ አዲስ አበባ ደወለ። አልጋ የለም ሲሉት ሌላ ጋ ይደውላል። ሲነጋ አምቡላንስ ውስጥ ነበርን። 350 ኪሎ ሜትር መንገድ። ሰኮሩን አልፈን ወደ ጊቤ በረሃ ስንወርድ ጉሙ ተገለጠና ተራሮቹ ታዩ። "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?" አልኩ። ከወዴት እንደመጣ ያወቅሁት በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ያየን ቀዶ ሐኪም ሁለት መንገድ አለ አለን። አንዱ ሸንት ነው፤ ከአእምሮ ጀምሮ በአንገት ቆዳ ሥር እስከ ሆድ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ። ብዙ ልጆችን አድኗል። ግን ሊዘጋ፣ ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል። ያኔ በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው። ያቺን የሐምሌ ሌሊት አሰብኩና ብርድ ብርድ አለኝ። ሁለተኛው በትንሽ ካሜራ ውስጥ ገብቶ ለውሃው አዲስ መውጫ መክፈት፣ ውሃውን የሚያመነጨውንም ሥጋ መተኮስ ነው። ቱቦ አይቀርም። ለሁሉም ልጅ አይሠራም፣ ለዚህ ግን እንሞክረዋለን አለ።

ሠራ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ማለዳ፣ ሐኪሙ ልጄን ሊያይ ሲመጣ ጠየቅኩት። "ዶክተር፣ ይሄን የት ተማሩት?" "ዩጋንዳ፣ ምባሌ" አለኝ። ከዚያ ቆሞ አጫወተኝ። ቤንጃሚን ዋርፍ የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት አእምሮ ቀዶ ሐኪም፣ በፈረንጆቹ 2000 ከነቤተሰቡ ወደ ዩጋንዳ ሄደ። ምባሌ ላይ ኪዩር የተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ሲቋቋም አብሮ ቆመ። ጭንቅላታቸው ውሃ የቋጠረ ሕፃናት ከየገጠሩ ጎረፉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከኢንፌክሽን በኋላ የታመሙ ናቸው፤ እንደ ልጄ ማለት ነው። ቱቦው ቢዘጋባቸው ሐኪም ጋ የሚደርሱበት መንገድ ሩቅ ነው። ስለዚህ ያለ ቱቦ የሚታከሙበትን ይህን መንገድ እዚያው አዳበረ፤ የሌላ አገር ሐኪሞችም ተማሩት።

"ልጆች ነበሩት?" አልኩት።

"ስድስት" አለኝ።

ዝም አልኩ። ስድስት ልጅ! የደላው ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው። ሚስቲቱን አሰብኳት። የስድስት ልጆች ልብስ ስታጥፍ፣ የማታውቀው አገር ትኩሳት ቢይዛቸው ምን አደርጋለሁ እያለች። የሐኪሙን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ በ2012 ማክአርተር የተባለውን ትልቅ ሽልማት እንዳገኘ ስልኬ ላይ አንብቤያለሁ። ይገባዋል። እኔ ግን በጸሎቴ የእሷን ስም ነው የማስቀድመው። እሺ ባትል ኖሮ ያ ቤተሰብ አይነሳም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እነሱ ሻንጣ ሲያዘጋጁ እኔ ጅማ ላይ ቦርሳ አንጠልጥዬ ትምህርት ቤት የምመላለስ ልጅ ነበርኩ። ባል አላገባሁም። ልጅ አልወለድኩም። አልታመመብኝም። አልጸለይኩም። ኋላም የጸለይኩት በቁጣ ነው። ኢሳይያስ ላይ "ሳይጠሩ እመልስላቸዋለሁ፥ ገናም ሲናገሩ እሰማለሁ" ይላል። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ማድ ቤት ቆሜ ስጮኽበት፣ መልሱን ከላከው ዓመታት አልፈው ነበር። ባጃጁ ውስጥ ጸሎት ሲጠፋኝ፣ ካሜራውን የሚይዘው እጅ ተምሮ ጨርሶ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የክትትል ናቸው፤ ብዙ ጊዜ መውጫው የሚዘጋው ያኔ ነው። በየቀጠሮው ሜትሩ ሲዘረጋ ትንፋሼ ይቆማል። አልፏል። ዘንድሮ ኬጂ ገብቷል። ለመራመድ ዘግይቷል፣ ግራ እግሩን አሁንም ትንሽ ይጎትታል፤ ፊዚዮቴራፒ እንመላለሳለን። ወሬው ግን አያልቅም። እማማን "አያቴ" ነው የሚላቸው። ለአምቡላንሱና ለመድኃኒቱ ያዋጣችሁ የቤት ኅብረታችን ወንድሞችና እህቶች፣ ውለታችሁን አልረሳሁም።

ሕፃን ያላችሁ እናቶች፣ ክትባት ስትሄዱ ጭንቅላቱን ለኩልኝ በሉ። የሚለካው በሜትር ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። እርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ ዓይኑ ወደ ታች ከወረደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው አትቆዩ።

አንድ የጸሎት ርዕስ አለኝ። ባለፈው ክትትል ስንሄድ ከአጋሮ የመጣች ወጣት እናት አገኘሁ። ሴት ልጇ የልጄ ሕመም ነው ያለባት። ባሏ ጥሏት ሄዷል። "እግዚአብሔር አይሰማኝም" አለችኝ። አልተቆጣኋትም፤ እጇን ይዤ አብሬያት ተቀመጥኩ። ስልኳን ይዣለሁ፣ ማታ ማታ እደውልላታለሁ። የልጇ ቀዶ ጥገና መስከረም ላይ ነው። ጸልዩላት።