እናት፣ ሠዓሊ፣ ተናጋሪ

ዛሬ ባሕር ዳር አንዲት ሠዓሊ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስትናገር ሰማሁ። የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ትንሽ ልጇን ይዛ ነው የመጣችው።

«ጎርፍ ሲመጣ እናት ልጇን አዝላ ትሮጣለች። እኔስ?» አለች።

እውነቷን ነው። ድርቅም ያው ነው፤ ምንጭ ሲርቅ በዊልቸር ውኃ አይቀዳም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 11 በአደጋ ጊዜ ጥበቃ ይገባቸዋል ይላል። እኛ ግን ስለ ጣና እምቦጭና ስለ ጮቄ ተራራ መራቆት ስንሰበሰብ እንደሷ ያለች እናት መድረክ ላይ አይቼ አላውቅም።

ሥዕሎቿንም አሳየችን። በአንዱ ላይ ታንኳ እምቦጭ መሀል ተይዞ መውጫ አጥቷል። ልቤን ነካኝ።

መድረኩ የዊልቸር መወጣጫ ስላልነበረው ግን ሰዎች ተሸክመው ነው ያወጧት። ያውም ልጇ እያየ! በጣም ተናደድኩ። እባካችሁ አዘጋጆች፣ በሚቀጥለው ከባነሩ በፊት መወጣጫውን ሥሩ።