ሪግሬሽን ወይስ ግራፍ?

ዛሬ የ2ኛ ዓመት ኮርስ ስመርጥ ዋልኩ። ፕሮባብሊቲ ግዴታ ስለሆነ ክርክር የለውም። ያስጨነቀችኝ አንዷ የቀረች ምርጫ ናት፦ ሪግሬሽን (በዳታ ነጥቦች መሃል የሚያልፍ መስመር ፈልጎ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ማየት) ልውሰድ ወይስ ዳታን በግራፍ ማሳየት?

ሁለተኛውን "ሥዕል መሳል ነው" ብዬ ልንቀው ስል የስታቲስቲክስ ባለሙያው የአንስኮምብ ነገር ትዝ አለኝ። ሰውየው በ1973 እ.ኤ.አ. አራት ትንንሽ ዳታዎችን አሳተመ፤ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ። አማካያቸው፣ ቫሪያንሳቸው (የመበታተን መጠናቸው)፣ የሪግሬሽን መስመራቸው ሳይቀር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ግራፍ ላይ ሲወጡ ግን ጭራሽ አይተዋወቁም! አንዱ መስመሩን ይከተላል፣ አንዱ ጎብጧል፣ አንዱን ደግሞ ያፈነገጠች አንዲት ነጥብ ብቻዋን ትጎትተዋለች።

ግራፉን መረጥኩ። ሪግሬሽን ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይቆየኝ። (አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ኮድ መጻፍ ግን በሁለቱም አለ። ማምለጫ ፈልጌ ነበር፣ የለም።)