ከሱቢያኮ ቀጥሎ ያለው ከተማ

ሰሞኑን ሮም ከብዳኛለች። የተፈጠረ ነገር የለም። ጥቅምት ገብቶ ፀሐዩ ሲለዝብ እንዲህ ያደርገኛል፤ ዝም ብሎ ከከተማ ውጪ ውጪ ይለኛል። በእረፍት ቀኔ በጠዋት ተነሳሁና ፖንቴ ማሞሎ ሄጄ የሱቢያኮን አውቶቡስ ያዝኩ። ለማንም አልነገርኩም። ት. ብትሰማ ትቀየመኛለች፤ ግን ብቻዬን መሆን ነበር ያማረኝ።

የጣሊያንን ትንንሽ የገጠር ከተሞች ከልቤ ነው የምወዳቸው። ኦርቪዬቶ ያለው የቅዱስ ፓትሪክ ጉድጓድ አሁንም ይገርመኛል። 53 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ወራጅና ወጪ እንዳይጋጩ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃ ሠርተውለታል፤ እያንዳንዱ 248 እርከን። ውሃ የሚጭኑት በቅሎዎች በአንዱ ወርደው በሌላው ይወጡ ነበር። ቺቪታ ዲ ባኞሬጆም አለች፤ የቆመችበት ገደል ከሥሯ እየተናደ፣ በእግረኛ ድልድይ ብቻ የሚገባባት። ቆንጆ ናት፤ ግን ቱሪስት ይበዛባታል። ሱቢያኮ ሰው ይኖርባታል። በየመስኮቱ ልብስ ተሰጥቷል። ሽማግሌዎቹ ፒያሳው ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ጭር ይላል።

ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። መንገድ ላይ የቅድስት ስኮላስቲካ ገዳም አለ። ጣሊያን ውስጥ በማተሚያ መጽሐፍ ከታተመባቸው ቦታዎች ቀዳሚው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1460ዎቹ ከጀርመን የመጡ ሁለት አታሚዎች ናቸው የጀመሩት። ከዚያ ከፍ ብሎ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ የመነነበት ዋሻ ይገኛል። ገዳሙ ገደሉን ተደግፎ ነው የተሠራው። አንዳንድ ቦታ ግድግዳው ራሱ ተራራው ነው። ግድግዳው ላይ የአሲዚው ፍራንቸስኮ ሥዕል አለ፤ ራሱ ላይ የብርሃን አክሊል የለውም፤ ቅዱስ ከመባሉ በፊት የተሳለ ነው ይባላል።

ቤኔዲክቶስ በወጣትነቱ ሦስት ዓመት ዋሻው ውስጥ ብቻውን ኖሯል። ሮማኖ የሚባል መነኩሴ ከገደሉ አናት ዳቦ በገመድ ያወርድለት ነበር። ዳቦው ሲደርስ እንዲሰማ ገመዱ ላይ ቃጭል ታስሯል።

ይህን ሰምቶ አቡነ አረጋዊንና የደብረ ዳሞን ገመድ የማያስታውስ ሐበሻ ይኖራል? እኔ ግን ይበልጥ የታወሰኝ ደብረ ሊባኖስ ነው። የጻድቁ የተክለ ሃይማኖት ዋሻ። ከአያቴ ጋር ሄጄ ጠበሉን የተጠመቅኩበት። ያ ቅዝቃዜ፣ ያ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ሱቢያኮም አለ። ጥግ ይዤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ደስ የሚል ሰላም ተሰማኝ።

ቁልቁል ስመለስ አንዲት አሮጊት ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

«ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ከኢትዮጵያ።»

ፊታቸው በራ። «አባቴ እኮ አቢሲኒያ ነበር! መንገድ ሠርቷል!» እጄን ይዘው አለቅ አሉ። ፎቶው ቤት ውስጥ ተሰቅሏል፤ ግቢና እይው አሉኝ። በፍቅር ነው የሚያወሩት። የጠፋ ዘመድ የመጣላቸው ነው የሚመስሉት። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተሰናበትኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሰውዬውን ማሰብ ያዝኩ። ሳይሆን አይቀርም የዚያች ከተማ ድሃ ልጅ ነበር። በየከተማው ፒያሳ በጦርነት የሞቱ ልጆች ስም በእብነ በረድ ተጽፎ ይገኛል። ሁልጊዜ ቆሜ አነበዋለሁ። አንድ የቤተሰብ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ያሳዝነኛል። ከወይን እርሻ ላይ ተነስተው ካርታ ላይ እንኳ አይተውት ወደማያውቁት ሀገር የተላኩ ልጆች ናቸው።

ግን ከእኚያ ሴትዮ ደጃፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ አፊሌ አለች። እሷም ኮረብታ ላይ የተሠራች ትንሽ ከተማ ናት። ጥሩ ቀይ ወይን አላት። ሮዶልፎ ግራዚያኒ የተቀበረው እዚያ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተጣለበት ቦምብ ተርፎ አዲስ አበባ በደም ስትታጠብ ሹሙ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲረሸኑ አዘዘ። ራሱ ወደ ሮም ባስተላለፈው ሪፖርት 297 መነኮሳት ይላል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እጅግ ከፍ ያደርጉታል። ከጦርነቱ በኋላ የሀገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበትና በወራት ውስጥ ተፈታ። ያውም የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ ነው። ለእኛ ሰዎች ደም አንድ ቀን እንኳ አልታሰረም።

እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ ላይ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። «ሀገር» እና «ክብር» የሚል ተጽፎበታል። ክብር! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደረቴ ይቃጠላል።

ስንት ትንሽ ከተማ አይቼ አፊሌን አላየኋትም። ት. «እዚያ ወርደሽ ቡና እንኳ እንዳትገዢ» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «መሄድ ያለብሽማ እዚያ ነው፤ ሂጂና ፊት ለፊቱ ቁሚ፤ የመነኮሳቱን ፍትሐት አድርሺ» ይለኛል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የአውቶቡሱን ሰዓት አየሁት። ከሱቢያኮ ብዙም አይርቅም። ግን እዚያም ደጃቸው ላይ የተቀመጡ አሮጊት ይኖራሉ። «ከየት ነሽ ልጄ?» ይሉኛል፤ ፊታቸው ይበራል፤ እጄን ይይዙኛል። እኔስ ከየቱ ነው የምጀምርላቸው?