ሀዋሳ ላይ ደብል ቤዝ ይዞ መክረም

ዝናቡ ጠንከር ሲል እዚ ሀዋሳ ያለን በጣት የምንቆጠር የደብል ቤዝ (ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ የቫዮሊን ዘመድ) ተጫዋቾች ወሬያችን አንድ ነው፣ ክሩ ራቀ፣ ጣቴ አለቀ፣ አክሽኑን (ክሩ ከፊንገርቦርዱ፣ ማለትም ጣት ክሩን ከሚጫንበት ረጅም እንጨት፣ ያለውን ከፍታ) ማውረድ አለብኝ። እሺ፣ ይውረድ። ግን ብሪጁን፣ ክሮቹን የተሸከመውን ቁራጭ እንጨት፣ አውልቃችሁ ጫፉን በሞረድ እንዳታስበሉት፣ ምክንያቱም የተሞረደ እንጨት አይመለስም፣ ጥቅምት ኅዳር ላይ አየሩ ሲደርቅ ክሩ በራሱ ጊዜ ይወርድና ያኔ ኢ ክር፣ ወፍራሙ፣ ፊንገርቦርዱን እየነካ ዝዝዝ ማለት ይጀምራል፣ ከዛ አዲስ ብሪጅ ፍለጋ ነው።

ነገሩ እንዲ ነው። የቤዙ ፊት ከስፕሩስ ነው የሚሠራው፣ ለስላሳ እንጨት ነው፣ ወደ ላይ ቆልመም ብሎ የተቀረጸ ነው፣ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ብሪጁን ተሸክሞ ከፍ ይላል። የሐይቁ ዳር ከተማ ውስጥ በሐምሌ ምን ያህል እርጥበት እንዳለ ልብሳችሁን አጥባችሁ ያሰጣችሁ ታውቁታላችሁ። ቤዛችሁ ኮምፔርሳቶ ከሆነ ለውጡ ቀለል ይላል፣ ፊቱ ወጥ እንጨት ከሆነ ግን በደንብ ይታያል። በረዶ አገር ያሉ ተጫዋቾች ለዚሁ ብለው ለሁለቱ ወቅት ሁለት ብሪጅ የሚይዙ አሉ። የኛ መፍትሄ አጀስተር ነው፣ ብሪጁ እግሮች ላይ የሚገቡት ክብ የሚዞሩ ነገሮች፣ ብሪጃችሁ ከሌለው ማስገባቱ ከምንም ነገር በፊት የሚመጣ ወጪ ነው ባይ ነኝ።

ከማዞር በፊት ለኩ። ማስመሪያ ፊንገርቦርዱ ጫፍ ላይ አቁማችሁ እስከ ክሩ ሆድ ያለውን ክፍተት ታያላችሁ። ለብረት ክር ጂ (ቀጭኑ ክር) ላይ 5 ወይ 6 ሚሊ፣ ኢ ላይ 8 ወይ 9 ሚሊ አካባቢ ብዙ ሰው የሚስማማበት ነው፣ የአንጀት ክር ከዛም በላይ ይፈልጋል። ኢ ከፍ የሚለው ወፍራም ስለሆነና ሰፋ አድርጎ ስለሚርገበገብ ነው። ደሞ ሆቴል ውስጥ በአምፕ ለስለስ ያለ ትዝታ የሚጫወትና ችክችካ ላይ ክሩን እየጎተተ የሚመታ ሰው አንድ ቁጥር አይሆንላቸውም፣ ዝቅ ያለ ክር በኃይል ሲመታ እንጨቱን ይጠፈጥፋል፣ ድምፁም ይቀጥናል። እኔ ትንሽ ከፍ ያለ ነው የምወደው፣ ጣት ይለምዳል።

ሲዞር አራቱንም ክር ትንሽ ላላ አድርጉ፣ ትንሽ ነው ያልኩት፣ ሁለቱንም አጀስተር ሩብ ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዛ ቃኙና ተጫወቱበት፣ አንድ ሁለት ቀን ሳታዩ እንደገና አትንኩት። ስትቃኙ ክሩ የብሪጁን አናት ወደ ፊንገርቦርዱ ይጎትተዋል፣ ስለዚህ ከጎን እዩት፣ ወደ ቴይልፒስ (ክሮቹ ታች የሚታሰሩበት) ያለው ጀርባው ከቤዙ ፊት ጋር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ አለዚያ ውሎ አድሮ ይቆለመማል ወይም ይወድቃል። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቦዮች በእርሳስ ብታጠቁሯቸው ሳይዝ ይንሸራተታል።

ዝዝታው ሁሌ የብሪጅ ጥፋት አይደለም ታድያ። ክሩን ከነት (ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበት) በኩልና ፊንገርቦርዱ መጨረሻ ላይ አንዴ ተጭናችሁ መሀሉን እዩ፣ ጠባብ ክፍተት መኖር አለበት፣ መሀሉ ላይ ከነካ እንጨቱ ጎብጧል ማለት ነው፣ አጀስተር አያድነውም። ላይ ላይ፣ መጀመሪያዎቹ ኖታዎች ላይ ብቻ እጅ ከከበደ ደሞ ነቱ ነው ከፍ ያለው፣ እዛ ጋ ከክሩ ስር ቢዝነስ ካርድ የሚያስገባ ክፍተት በቂ ነው። (በገና እየሰማ ያደገ ጆሮ እዚ ላይ ይሸወዳል። በገና ላይ ያ ዝዝታ ተፈልጎ የመጣ ነው፣ በአውታሩና በበርኩማው (የበገናው ብሪጅ) መሀል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አንድ ወዳጄ ኢ ክሩ ክረምት ከበጋ ዝዝ ሲልበት "ያምራል እኮ" እያለ ዓመቱን ጨረሰ።)

አራቱንም ክር ባንዴ ፈታችሁ አታውልቁ፣ ይሄን በደማቁ ጻፉት። ውስጥ፣ በጂ በኩል ካለው የብሪጅ እግር ትንሽ ወደ ኋላ፣ ሳውንድ ፖስት የሚባል ዘንግ አለ፣ በምንም አልተጣበቀም፣ በክሮቹ ጫና ተጠብቆ ነው የቆመው። ሲፈቱ ሊወድቅ ይችላል። ከወደቀ ወዲያው ክሮቹን አላሉ፣ ከ100 ኪሎ በላይ የሚስቡ ክሮች ናቸው፣ ያለ ድጋፍ ከቆየ ፊቱ ይሰነጠቃል፣ ከዛ ቫዮሊን የሚጠግን ሰው ጋ አዲስ አበባም ቢሆን መውሰድ ነው። ሰፈር ያለ ጎበዝ አናጺ መሳቢያና በር ላይ አንደኛ ነው፣ ግን ዘንጓን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው በኮላ ማጣበቅ ነው። ኮላውን ይዞ ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።